ሰኩለንት በክረምት ለምን ይበሰብሳል? በቤት ውስጥ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በመስኮት ደፍ ላይ ከምናስቀምጣቸው ትናንሽ ሰኩለንቶች፣ ማለትም በወፍራም ቅጠላቸው ውሃ ከሚያጠራቅሙ ተክሎች (ኢቼቬሪያ፣ ሃዎርቲያ፣ ጄድ፣ ድንክ የእሬት ዝርያዎች) መካከል በጥማት የሚሞቱት ጥቂት ናቸው። አብዛኞቹን የሚገድላቸው ውሃ ነው፤ ያውም በክረምት፣ በሐምሌና በነሐሴ።

የመጀመሪያው ስህተት ቀን ቆጥሮ ማጠጣት ነው። "በሳምንት አንዴ" የሚባለው ለጥር ቢሠራም ለሐምሌ አይሆንም። በአዲስ አበባ የበጋ ፀሐይ በስምንትና በአሥር ቀን የሚደርቅ አፈር፣ ሰማዩ ሲደምን ሦስት ሳምንትና ከዚያም በላይ እርጥበት ይዞ ሊቆይ ይችላል። ሥር አየር ይፈልጋል፤ በአፈሩ መካከል ያለው ክፍተት በውሃ እንደተሞላ ከሰነበተ ሥሩ ታፍኖ ይበሰብሳል። ስለዚህ ቀጭን የእንጨት ስንጥር እስከ ዕቃው ታች ድረስ ይውጉና ከ10 ደቂቃ በኋላ ይንቀሉት። እርጥበት ካለው ወይም አፈር ከያዘ አያጠጡ። ፍጹም ደርቆ ከወጣ ግን ውሃው በታች ቀዳዳ እስኪወጣ ድረስ ያጠጡ፤ አፉ 8 ሳንቲ ሜትር ለሚሆን ዕቃ አንድ የቡና ሲኒ ገደማ ይበቃል። በማስቀመጫው ሳህን ላይ የተጠራቀመውን ከ15 ደቂቃ በኋላ ይድፉት። ጥቂት ጥቂት እየረጩ ላዩን ብቻ ማርጠብም አይጠቅምም፤ ውሃው ወደ ሥሩ አይደርስም፣ በቅጠሎቹ መሃል ከተኛ ደግሞ እምብርቱን ያበሰብሰዋል።

ከሁሉም የከፋው የቅጠሉን ምልክት ማምታታት ነው። የተጨማደደና የሳሳ ቅጠል ውሃ ጠምቶታል። ቢጫ ሆኖ፣ እንደ መስታወት ብርሃን አሳልፎ፣ ሲነኩት የሚረግፍ ከሆነ ውሃ በዝቶበታል። የታችኞቹ ቅጠሎች አንድ በአንድ እንደ ወረቀት ቢደርቁ እርጅና ነውና አይጨነቁ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ግን እዚህ ላይ ነው፦ አፈሩ እርጥብ ሆኖ ሳለ ቅጠሉ ከተጨማደደ ሥሩ በስብሶ ውሃ መሳብ አቅቶታል ማለት ነው። ያን ጊዜ ውሃ መጨመር መግደል ነው። ነቅለው የጠቆረውን ሥር በንጹሕ መቀስ ይቁረጡ፤ ከ3 እስከ 5 ቀን ጥላ ውስጥ ቁስሉን ያድርቁ፤ በደረቅ አፈር ይትከሉና ከሳምንት በኋላ ብቻ ያጠጡ።

ቀዳዳ የሌለው ኩባያ ወይም ብርጭቆ ላይ መትከል፣ ከሥሩ ጠጠር ቢደረግበትም፣ ስህተት ነው። ውሃ ከደቃቅ አፈር ወደ ጠጠሩ የሚወርደው አፈሩ ጠግቦ ሲያበቃ ስለሆነ፣ ጠጠሩ ረግረጉን ወደ ሥሩ ከፍ ያደርገዋል እንጂ አያደርቀውም። ኩባያውን ከወደዱት ተክሉን በተበሳ የፕላስቲክ ዕቃ ተክለው ውስጡ ያስቀምጡት፤ ሲያጠጡ ያውጡት።

አፈሩም ያው ነው። ዋልካ ውሃ ይይዛል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ሥር ይበጥሳል። አንድ እጅ ኮምፖስት ከሁለት እጅ ሬድ አሽ ጋር ይቀላቅሉ፤ ለግንባታ የሚሸጠው ቀይ የእሳተ ገሞራ ጠጠር በጣም ይስማማዋል። ከ3 እስከ 6 ሚሊ ሜትር የሆነውን በወንፊት ለይተው አቧራውን ይጠቡ። ደቃቅ አሸዋ አይተካውም፤ ክፍተቱን ይደፍነዋል።

ከመስኮት ርቆ መደርደሪያ ላይ የተቀመጠ ሰኩለንት አንገቱ ይሰግጋል፣ ቅጠሎቹም ይራራቃሉ። የሰገገው ተመልሶ አያጥርም። ጫፉን ቆርጠው፣ ጥቂት ቀን አድርቀው እንደገና መትከል ይኖርብዎታል። የጠዋት ፀሐይ የሚያገኝ የምሥራቅ መስኮት ለአብዛኞቹ ምቹ ነው። ክረምቱን ጥላ ውስጥ የከረመውን በመስከረም በአንድ ጊዜ ፀሐይ ላይ አያውጡት፤ የተቃጠለ ቅጠል ጠባሳው አይሽርም። ከ10 እስከ 14 ቀን ድረስ በየቀኑ ጥቂት እየጨመሩ ያለማምዱት።

አዲስ የገዙትን ወዲያው ከሌሎቹ ጋር አይደባልቁ። በቅጠሎቹ ብብት ነጭ ጥጥ የመሰለ ነገር ካዩ ተባይ ነው፤ በጥጥ ላይ 70 በመቶ አልኮል ነክረው ይጥረጉ፣ በሳምንት አንድ ጊዜ ለሦስት ሳምንት ይድገሙ። ከዕቃው ሲያወጡትም ሥሩን ይመልከቱ፤ አንዳንዱ ተባይ ከአፈር በታች ይደበቃል።