የሸረሪት ፍርሃትን ደረጃ በደረጃ እንዴት ማስወገድ ይቻላል

ሸረሪት የሚፈራ ሰው ከቤተሰቡ የሚሰማው ቃል ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «ይቺን የምታህል ነገር ምን ታደርግሃለች?» ይሉታል። ቃሉ እውነት ነው፤ ነገር ግን የሚፈራው ሰው ይህን ራሱ ስለሚያውቅ አይጠቅመውም። እኔም ሸረሪት ምንም እንደማታደርገኝ እያወቅሁ ለብዙ ዓመታት ሽንት ቤት የምገባው በሩን ከፍቼ የጣሪያውን አራት ማዕዘን በዓይኔ ከቃኘሁ በኋላ ነበር። ከማገዶ ክምር ላይ አንድ ፍልጥ ለማንሣት ሰው እጠራ ነበር፤ ገጠር ዘመድ ለመጠየቅ ስሄድም ከሣር ክዳን ሥር ማደር ስለማልችል ሰበብ ፈጥሬ በዕለቱ እመለስ ነበር። አያቴ ታማ በተኛችበት ሰሞን አንድ ሌሊት እንኳ አጠገቧ ሳላድር መመለሴ ነው በመጨረሻ መላ እንድፈልግ ያስገደደኝ።

ከዚህ በታች የምገልጸው መንገድ የእኔ ፈጠራ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1924 ሜሪ ከቨር ጆንስ የተባለች አሜሪካዊት የሥነ ልቦና ባለሙያ ጥንቸል ይፈራ የነበረን አንድ ሕፃን የሚወደውን ምግብ እየበላ ጥንቸሉን በየቀኑ ጥቂት ጥቂት እያስጠጋች ከፍርሃቱ እንዳላቀቀችው ጽፋለች። ከእርሷ በኋላ የመጡት ባለሙያዎችም ዘዴውን እያሻሻሉ እስከ ዛሬ ይሠሩበታል። መሠረቱ ቀላል ነው። በሸሸን ቁጥር ወዲያው እፎይ እንላለን፤ ያ እፎይታ ደግሞ «የተረፍሁት ስለሸሸሁ ነው» ብሎ አእምሯችንን ያስተምረዋል። ስለዚህ ፍርሃቱን በየዕለቱ የምንመግበው እኛው ነን፤ የሚለቀንም ሳንሸሽ መቆየት በምንችልበት ርቀት ላይ ቆይተን ስንለማመድ ነው።

1. የፍርሃትዎን መሰላል ይጻፉ

ወረቀትና እስክሪብቶ ይያዙና ከሸረሪት ጋር የተያያዙ ዘጠኝ ወይም ዐሥር ሁኔታዎችን ይዘርዝሩ። ለእያንዳንዱም ከ0 እስከ 100 ነጥብ ይስጡ፤ 0 ማለት ፍጹም መረጋጋት ሲሆን፣ 100 ደግሞ ከዚህ የባሰ ፍርሃት የለም የሚሉበት ነው። ይህን የነጥብ አሰጣጥ ያስተዋወቀው ጆሴፍ ዎልፕ የተባለ ደቡብ አፍሪካዊ የሥነ አእምሮ ሐኪም ነው፤ እኔም ከየትኛውም መሣሪያ ይልቅ የጠቀመኝ ይህ ቁጥር ነው፤ ምክንያቱም «ፈራሁ» የሚለው ቃል ትናንትና ዛሬን አያነጻጽርም።

የእኔ መሰላል ይህን ይመስል ነበር፦ በእርሳስ የተሣለ ሥዕል ማየት 15፣ ፎቶግራፍ 30፣ በስልክ ላይ ስትሄድ የሚያሳይ ቪዲዮ 45፣ የሞተች ሸረሪት በጠርሙስ ውስጥ 50፣ ሕያው ሸረሪት በተከደነ ጠርሙስ ከክፍሉ ማዶ 65፣ ያው ጠርሙስ ጠረጴዛዬ ላይ 80፣ ጠርሙሱን በእጄ መያዝ 85፣ ሸረሪትን በብርጭቆ ከድኜ ወደ ውጭ ማውጣት 95። የእርስዎ ሌላ ሊሆን ይችላል። አንዳንዱን የሚያስፈራው ፍጥነቷ ነው፤ ሌላውን የእግሮቿ ርዝመት፤ ሌላውን ደግሞ ከዓይኑ ተሰውራ የት እንደገባች አለማወቁ። በሁለት ደረጃዎች መካከል ከ20 ነጥብ በላይ ልዩነት ካለ መሃል ላይ ሌላ ደረጃ ይጨምሩ።

2. ሸረሪትን በንባብ ይወቋት

እስካሁን የታወቁት የሸረሪት ዝርያዎች ከ50,000 በላይ ናቸው። አብዛኞቹ መርዝ ቢኖራቸውም የሚጠቀሙበት ትናንሽ ነፍሳትን ለማደን ነው፤ ሰውን በብርቱ ሊጎዱ የሚችሉት በጣም ጥቂት ናቸው። ሆኖም አጠቃላይ ዕውቀት ብዙም አያረጋጋም፤ የሚረዳው በቤትዎ ውስጥ ያለችውን ለይቶ ማወቅ ነው።

በሽንት ቤትና በጓዳ ማዕዘን ተገልብጣ የምትንጠለጠለው፣ እግሯ እንደ ክር ቀጭንና ረጅም የሆነው ሸረሪት፣ ድሯን ሲነኩባት ሰውነቷን በፍጥነት ታርገበግባለች። እኔ ይህን ሳይ ልትወረወርብኝ የተዘጋጀች ይመስለኝና ክው እል ነበር። በእርግጥ የምታደርገው ራሷን ከአዳኝ መከላከል ነው፤ ስትርገበገብ በትክክል የት እንዳለች ለማየት ያስቸግራል። በመስኮት ደፍ ላይ እየዘለለች የምትሄደው ትንሿ ሸረሪት ደግሞ ሰው ሲጠጋት ዞር ብላ በሁለት ትልልቅ የፊት ዓይኖቿ ትመለከታለች። ከዚህች ወገን የሆነች፣ በኬንያና በዩጋንዳ በቪክቶሪያ ሐይቅ ዙሪያ የምትገኝ አንዲት ዝርያ ደም የጠጡ የወባ ትንኞችን መርጣ ትበላለች። ይህን ካወቅሁ በኋላ የመስኮቷን ሸረሪት ለማባረር እጄ አልተነሣም።

አንድ ነገር ልጨምር። በእኛ ቤት ሰው ፊቱ ወይም አንገቱ ላይ ውኃ የቋጠረ ቁስል ወጥቶበት ሲነሣ «ሸረሪት ሸናችበት» ይባል ነበር፤ የእኔም ፍርሃት የተተከለው በዚህ ሳይሆን አይቀርም። ሸረሪት እንዲህ ያለ ቁስል የሚያወጣ ሽንት የላትም። ሌሊት የሚወጣና መስመር ሠርቶ የሚያቃጥል ቁስል ብዙ ጊዜ የሚመጣው ቀይና ጥቁር ቀለም ካላት፣ ሰው ሳያውቅ ቆዳው ላይ ከሚጨፈልቃት ቀጭን ጥንዚዛ ፈሳሽ ነው። በአንድ ወገን ብቻ እንደ መቀነት ተያይዞ የሚወጣው አልማዝ ባለጭራ ደግሞ የቫይረስ በሽታ ስለሆነ ሐኪም ሊያየው ይገባል።

3. ከሥዕል ወደ ፎቶግራፍ፣ ከፎቶግራፍ ወደ ቪዲዮ ይሂዱ

በየቀኑ ሃያ ደቂቃ ይበቃል። ለማስደንገጥ የተቀነባበሩ ቪዲዮዎችን ግን አይጠቀሙ፤ ሸረሪት ድር ስትሠራ የሚያሳይ ረጋ ያለ ቪዲዮ ይምረጡ።

4. የሞተች ሸረሪት በጠርሙስ ውስጥ ያኑሩ

ይህን ደረጃ ሰዎች ይዘሉታል፤ እኔ ግን አልመክርም። የሞተች ሸረሪት እግሮቿ ወደ ውስጥ ተጣጥፈው እንደ ተጨበጠ ጡጫ ሆነው ያገኟታል። ምክንያቱ ሸረሪት እግሯን የምትዘረጋው በሰውነቷ ፈሳሽ ግፊት በመሆኑ ነው፤ ስትሞት ግፊቱ ስለሚጠፋ እግሮቿ ይታጠፋሉ። ያን ሁሉ ዓመት ያስፈራኝ የእግሮቿ መዘርጋት የተገፋ ፈሳሽ ሥራ መሆኑን በአጉሊ መነጽር ቀርቤ ባየሁበት ቀን ነጥቤ ከ50 ወደ 20 ወረደ።

5. ሕያው ሸረሪት ባለችበት ክፍል ውስጥ ይቆዩ

ከባዱ ደረጃ ይህ ነው። እኔ ወራት ያባከንሁትም እዚህ ላይ ስለሆነ በዝርዝር እገልጻለሁ።

ላርስ ዮራን ኦስት የተባለ ስዊድናዊ የሥነ ልቦና ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1989 እንዲህ ያለውን ፍርሃት እስከ ሦስት ሰዓት በሚደርስ አንድ ቀጠሮ ብቻ ማከም እንደሚቻል ጽፎ ነበር። ይህን ሳነብ ደስታዬ ወሰን አጣ፤ መሰላሌን ወደ ጎን ትቼ የአክስቴን ልጅ አንዲት ትልቅ የግድግዳ ሸረሪት ይዞ እጄ ላይ እንዲያኖርልኝ ለመንሁት። እምቢ ቢለኝም ጨቀጨቅሁት። ሸረሪቷ መዳፌን ነክታ ወደ እጅጌዬ ስትንቀሳቀስ ልቤ ድው ድው ሲል፣ ጉልበቴ ሲከዳኝ ብቻ ነው የማስታውሰው፤ እጄን አራግፌ ስሮጥ ደፉ ላይ ወድቄ ጉልበቴ ተላጠ። ከዚያ በኋላ ለሦስት ወር ያህል በዚያ ክፍል መቀመጥ አልቻልሁም፤ ቀድሞ 30 የነበረው ፎቶግራፍ እንኳ ወደ 60 ወጣ።

የዘነጋሁት ነገር ነበር። በዚያ ሕክምና ባለሙያው አጠገብ ሆኖ እያንዳንዱን እርምጃ አስቀድሞ እርሱ ያደርገዋል፤ ታካሚው ሳይስማማ ምንም አይደረግም፤ ሦስቱ ሰዓትም በጥቃቅን ደረጃዎች የተሞላ ነው። እኔ ግን የመጨረሻውን ደረጃ ብቻ ወስጄ፣ ፍርሃቴ ጣሪያ በነካበት ቅጽበት ሸሸሁ። በዚያ ቅጽበት መሸሽ ለአእምሮ የሚሰጠው ትምህርት ከሁሉ የከፋ ነው። በቤትዎ ውስጥ ሸረሪት በሰው ላይ የሚወረውር «ይለምድበታል» ባይ ካለ ይህን እንዲያነብ ያድርጉት፤ በተለይ በልጆች ላይ ይህን ማድረግ ፍርሃትን ለዕድሜ ልክ መትከል ነው።

ትክክለኛው አካሄድ የሚከተለው ነው። የሚያምኑት ሰው አንዲት ሸረሪት አፈ ሰፊ በሆነና ክዳኑ በመርፌ በተበሳሳ የማርማላታ ጠርሙስ ውስጥ ያስገባልዎ። ጠርሙሱ በክፍሉ ማዶ ፀሐይ በማይመታው ቦታ ይቀመጥ። እርስዎ ከመግባትዎ በፊት በወረቀት ላይ የሚፈሩትን ነገር በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፉ፤ እኔ የጻፍሁት «ክዳኑን ገፍታ ወጥታ ወደ እኔ ትሮጣለች፤ እኔም ራሴን እስታለሁ» የሚል ነበር። ከዚያ ገብተው ይቀመጡና ነጥብዎን ይጻፉ፤ በየአምስት ደቂቃውም እንደገና ይጻፉ።

መጀመሪያ ላይ ነጥቡ ይወጣል፤ ይህ የመክሸፍ ምልክት አይደለም። በእኔ ላይ ከ65 ወደ 75 ወጥቶ ነበር፤ እጄ በላብ ስለተነከረ እስክሪብቶውን መያዝ አቃተኝ። ዐሥር ደቂቃ ሲሞላ ግን 70፣ ሃያ አምስት ሲሞላ 50፣ አርባ ሲሞላ 35 ሆነ። ፍርሃት የተለኮሰ ያህል እየጨመረ የሚሄድ ይመስለናል እንጂ ሰውነታችን ያን ያህል ድንጋጤ ለረጅም ጊዜ ተሸክሞ መቆየት አይችልም። ለመውጣት ሲያስቡ ነጥብዎ ቢያንስ በግማሽ እስኪቀንስ ይታገሡ። ፈጽሞ የማይቻል ከሆነም በሩን ዘግቶ ከመውጣት ይልቅ ወንበርዎን አንድ ሜትር ወደ ኋላ ስበው እዚያው ይቀመጡ። ሲጨርሱ የጻፉትን ፍርሃት ያንብቡና የሆነውን ከሥሩ ይጻፉ። የእኔ «ክዳኑ ሥር ተለጥፋ አርባ ደቂቃ አልተንቀሳቀሰችም፤ ራሴንም አልሳትሁም» የሚል ሆነ። ይህን ወረቀት አይጣሉት።

በዚህ ጊዜ ዓይንን ጨፍኖ መቀመጥ፣ በስልክ ጨዋታ መጠመድ ወይም ትንሽ መጠጥ ቀምሶ መግባት ሥራውን ያበላሸዋል፤ ሰውየው የቆየው ስለ ሸረሪቷ ሳያስብ ነውና የሚማረው ነገር የለም። ዓይንዎን እርሷ ላይ ያድርጉና የሚያዩትን ድምፅ አውጥተው ይናገሩ፤ ቀለሟን፣ የእግሮቿን ቀለበት፣ አንዱን እግሯን አንሥታ በአፏ ስታጸዳው ጭምር። በማግስቱ ጠርሙሱን ግማሽ ሜትር ያስጠጉ። ሸረሪቷን ከአንድ ቀን በላይ አያቆዩ፤ ለቀው ሌላ ያስይዙ።

6. በብርጭቆና በካርድ ራስዎ ያውጧት

ለዚህ የሚሆነው አፉ ሰፊ የሆነ ግልጽ የመስተዋት ብርጭቆ ነው። የፕላስቲክ ኩባያ ሲጫኑት ስለሚጎብጥ በአንድ ወገን ክፍተት ይፈጥራል፤ ጋዜጣም ስለሚታጠፍ አይሆንም። ከሁሉ የተሻለው የሠርግ መጥሪያ ካርድ ነው፤ ደረቅ ስለሆነ አይታጠፍም፣ ቀጭን ስለሆነም በብርጭቆውና በግድግዳው መካከል በቀላሉ ይገባል። ብርጭቆውን ቀስ ብለው ይድፉባት፤ ካርዱን ከሥር ያስገቡና እግሮቿን ወደ ውስጥ እስክትሰበስብ ይጠብቁ፤ ከዚያ ወደ ደጅ። አስቀድመው በባዶ ግድግዳ ላይ ጥቂት ጊዜ ቢለማመዱ እጅዎ አይንቀጠቀጥም።

ፍሊት መንፋት ይህን ሁሉ ያፈርሳል። የተነፋባት ሸረሪት ወዲያው ስለማትሞት ግራ ገብቷት ትሮጣለች፤ ከጣሪያ ላይም ትወድቃለች፤ ያን ጊዜ የሚያዩት በጣም የሚፈሩትን ነገር ይሆናል። ጭሱም በተዘጋ ክፍል ውስጥ ለሚተነፍሰው ሰው አይበጅም። ሸረሪትን በእጅ መያዝ ደግሞ ግዴታ አይደለም፤ ዝርያዋን በማያውቁበት ሁኔታ እኔም አልይዛትም።

7. በሌላ ቦታ ይድገሙት

ሳሎን ውስጥ የተማሩት ድፍረት ማድቤት ድረስ አብሮዎ ላይመጣ ይችላል። ስለዚህ በሽንት ቤት፣ በጋራዥ፣ በማገዶ ክምር አጠገብ፣ በቀንም በማታም ይለማመዱ። ለሳምንታት ሳያዩ ቆይተው ድንገት ስትገጥምዎ ፍርሃቱ ቢያገረሽ ከመሰላሉ ሁለት ደረጃ ወርደው ይጀምሩ፤ ሁለተኛው ጉዞ ከመጀመሪያው በጣም ያጥራል።

ፍርሃቱ ከስድስት ወር በላይ ዘልቆ ሥራዎን፣ እንቅልፍዎን ወይም ማኅበራዊ ኑሮዎን ካወከ፣ እንዲሁም የልብ ሕመም ካለብዎ ብቻዎን አይሞክሩት። አዲስ አበባ ላሉ በአማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል፣ በሌላ ከተማ ላሉም የአእምሮ ሕክምና ክፍል ባላቸው ሆስፒታሎች ባለሙያ ማማከር ይቻላል። ለሸረሪት ፍርሃት ሐኪም ቤት መሄድ አያሳፍርም፤ እኔ ቀደም ብዬ ሄጄ ቢሆን ኖሮ ያ የመዳፍ ሙከራ ባልደረሰብኝ ነበር።

ባለፈው ጥር አያቴ ቤት ሦስት ሌሊት አደርሁ። በሁለተኛው ሌሊት ፋኖሱን ይዤ ስገባ ከመደቡ በላይ፣ ማገሩ ከምሰሶው በሚገናኝበት ቦታ፣ መዳፌን ልታክል ጥቂት የቀራት ግራጫ ሸረሪት ተለጥፋ አየሁ። አያቴ «ላስወጣልሽ?» አለችኝ። «ትቆይ» አልኋትና መደቡ ጫፍ ላይ ተቀምጬ 55 ብዬ ጻፍሁ። ስለ ጎረቤቶቿና ስለ ዘንድሮው ጤፍ እያወራችኝ ቆየን፤ 40 ሆነ፣ ከዚያም 25። እርሷ እንቅልፍ ሲወስዳት ፋኖሱን አጠፋሁት።