ደመወዝ ሲዘገይ፦ የወታደር ቤተሰብ ሻትዳውንን እንዴት ይሻገረዋል?

የአሜሪካ መንግስት የበጀት ዓመት የሚጀምረው ኦክቶበር 1 ነው። በእኛ አቆጣጠር አብዛኛውን ጊዜ መስከረም 21፣ የግሸን ማርያም ዕለት ላይ ይውላል። እናቴ ከአዲስ አበባ ደውላ «እንኳን አደረሳችሁ» ስትለኝ፣ ባለቤቴ ሶፋው ላይ ሆኖ ኮንግረስ በጀት አጽድቆ እንደሆነ ስልኩን ይጎረጉራል። ካላጸደቀ ሻትዳውን ነው፤ በጀት ያልጸደቀለት የመንግስት ስራ ይዘጋል። ወታደር ደግሞ ሻትዳውን ሆነ ብሎ ከስራ አይቀርም። ጠዋት ዩኒፎርሙን ለብሶ ይወጣል፤ ደመወዙ ብቻ አይገባም።

አይገባም ስል በቀኑ አይገባም ማለቴ ነው። እስካሁን ወታደር የሰራበት ጭራሽ ቀልጦ የቀረበት ሻትዳውን የለም። በ2013 መንግስት ለ16 ቀን ሲዘጋ፣ ኮንግረስ የወታደሩ ደመወዝ እንዳይቋረጥ በዋዜማው ሕግ አውጥቶ ነበር። ከ2018 መጨረሻ እስከ 2019 መጀመሪያ ለ35 ቀን ሲዘጋ መከላከያው አስቀድሞ በጀት ነበረው። በሌላ መስሪያ ቤት ስር ያሉት ኮስት ጋርዶች፣ ማለትም የባሕር ጠረፍ ጠባቂዎች ግን የጃንዋሪ 15 ደመወዛቸው አልገባላቸውም። በ2025ቱ የ43 ቀን ሻትዳውን ደግሞ የኦክቶበር 15 ደመወዝ የተከፈለው ለምርምር ከተያዘ ገንዘብ ላይ ተነስቶ ነው። ይህ የተነገረውም ቀኑ ሊደርስ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ነበር። እስከዚያ ድረስ እንቅልፍ የለም።

ስለዚህ ጣጣው የቀን ጣጣ ነው፦ ቢሉ መቼ ይመጣል፣ ደመወዙ መቼ ይገባል።

መጀመሪያ ወረቀት አውጡ

ማይፔይ ላይ፣ ማለትም የወታደር ደመወዝ የሚታይበት ድረ ገጽ ላይ ግቡና የመጨረሻውን የደመወዝ ዝርዝር፣ ማለትም ኤል ኢ ኤሱን አትሙት። የወታደር ደመወዝ የሚገባው በ1 እና በ15 ነው። አንድ ወረቀት ለሁለት ክፈሉ። በአንዱ በኩል ከ1 እስከ 15 የሚወጣውን፣ በሌላው ከ15 እስከ ወር መጨረሻ የሚወጣውን ጻፉ። እኛ ቤት ኪራይ በ1፣ መኪና በ5፣ ኢንሹራንስ በ12 ነው። ወረቀቱ ፍሪጁ ላይ ተለጥፏል፤ የሹሮ ነጠብጣብም አለበት።

ሰው የሚረሳው አንድ ነገር አለ። ከደመወዝ ላይ በቀጥታ እየተቆረጠ የሚከፈል ብድር ወይም ኢንሹራንስ ካላችሁ፣ ደመወዙ ሲቆም ክፍያውም አብሮ ይቆማል። አበዳሪው የሚጠይቀው ግን እናንተን ነው። በተቃራኒው ከባንክ በራሱ የሚወሰድ ክፍያ ሂሳቡ ባዶ ሆኖም ይመጣል፤ ከዚያ ባንኩ ቅጣት ይጨምርበታል። ሁለቱንም ወረቀቱ ላይ በቀይ አክብቧቸው።

ቀጥሎ፣ ቀኑ ሳይደርስ ደውሉ

እዚህ ላይ ነው ይሉኝታ የሚገድለን። ሰው ቢሉ ካለፈ በኋላ፣ ደብዳቤ ሲመጣበት ይደውላል። ያኔ ባለዕዳ ነው። አስቀድሞ የሚደውል ግን ጥሩ ደንበኛ ነው፤ አነጋገራቸውም ይለያል። ረጅም ታሪክ አያስፈልግም፦ «ባለቤቴ ወታደር ነው። ሻትዳውን ከመጣ የ15ቱ ደመወዝ ሊዘገይ ይችላል። ያለቅጣት ቀኑን ልትገፉልን ትችላላችሁ?» እሺ ካሉ በኢሜይል እንዲያረጋግጡላችሁ ጠይቁ። የቃል እሺታ ሲስተማቸው ላይ አይታይም።

የትኛውን ልደውል ካላችሁ ከኪራዩ ጀምሩ፣ መኪናውን አስከትሉ።

መሻገሪያ ገንዘብ

እንደ ኔቪ ፌደራል እና ዩ ኤስ ኤ ኤ ያሉት የወታደር ቤተሰብን የሚያገለግሉ የገንዘብ ተቋማት ባለፉት ሻትዳውኖች ያለወለድ ብድር ሰጥተዋል። ደመወዛችሁ አስቀድሞ በእነሱ በኩል የሚገባ መሆን አለበት፤ በጭንቅ ሰዓት ሂሳብ ልክፈት ብትሉ አይሆንም። ሌላው የየጦሩ መረዳጃ ማኅበር ነው። ለምድር ጦር አርሚ ኢመርጀንሲ ሪሊፍ አለ፤ ባሕር ኃይልና ማሪን፣ አየር ኃይልና ኮስት ጋርድም የየራሳቸው አላቸው። ያለወለድ ያበድራሉ፤ አንዳንዴም እንዲሁ ይሰጣሉ። ምጽዋት እንዳይመስላችሁ፣ የተቋቋሙት ለዚሁ ነው። በጀቱን ቁጭ ብሎ የሚያይላችሁ ሰው ከፈለጋችሁ ሚሊታሪ ዋንሶርስ የሚባለው የመከላከያው የቤተሰብ ድጋፍ አገልግሎት በነጻ ያማክራል።

ከካምፕ በር አጠገብ ያሉትን የ«ዛሬውኑ ብር» ሱቆች ግን እለፏቸው። ሕጉ ለወታደር ቤተሰብ የሚያበድሩበትን ወለድ በዓመት 36 በመቶ ላይ ቢገድበውም፣ 36 በመቶ ራሱ ቀላል አይደለም።

የእኛው ጉድ፦ ዕቁብና ሀገር ቤት

ዕቁብ ያላችሁ ለዳኛው ቀድማችሁ ንገሩ። ዕጣችሁ ገና ከሆነ ከሌላ ዕቁብተኛ ጋር ተለዋውጣችሁ ቶሎ መውሰድ ትችሉ ይሆናል። በልታችሁ ከሆነ ግን የዕቁቡን ብር ከኪራዩ እኩል ወረቀቱ ላይ ጻፉት።

ሀገር ቤት የምትልኩትንም እንዲሁ። አሜሪካ ውስጥ፣ ያውም ወታደር፣ ደመወዝ ዘገየበት ብሎ የሚያምን ዘመድ ማግኘት ከባድ ነው። ቢሆንም «በዚህ ወር በግማሽ ነው» ብሎ አስቀድሞ መናገር በቀኑ ስልክ ከማጥፋት ይሻላል።

ወታደር ያልሆነው የትዳር አጋር የሚሰራው የት ነው? የፌደራል ሠራተኛ ከሆነ የ2019ኙ ሕግ ያለፈው ደመወዝ እንዲከፈለው ያዛል። በኮንትራክተር ኩባንያ በኩል መስሪያ ቤት የሚጠብቅ ወይም የሚያጸዳ ከሆነ ግን እንዲህ ያለ ዋስትና የለውም። የእናንተ ቤት እንዲህ ከሆነ፣ መጀመሪያ የሚቀመጠው ብር ለዚያኛው ደመወዝ መተኪያ ይሁን።

የዝውውር ትዕዛዝ የያዛችሁ፣ ጉዞው መጽናቱን ከጦር ክፍሉ ሳታረጋግጡ የቤት ውል አታፍርሱ። ኮሚሳሪ፣ ማለትም የካምፑ የምግብ ሸቀጥ ሱቅ፣ በ2013 እዚህ አሜሪካ ውስጥ ለቀናት ተዘግቶ ነበር፣ በ2025 ግን ክፍት ነበር፤ ለማንኛውም ዘይትና ሩዝ ቀድማችሁ ግዙ። የጤፉ ነገር ድሮም ከኮሚሳሪ ጋር አይገናኝም።

ልጆች ከቴሌቪዥን ይሰማሉ። ልጄ «አባዬ ከስራ ተባረረ?» ብላኛለች። «አልተባረረም። ብሩ ይዘገያል። ፒዛው ለሚቀጥለው ወር ነው» አልኳት። ያስከፋት የፒዛው ነገር ብቻ ነው።

ብሩ ሲገባ

አንድ ላይ ሲገባ ብዙ ይመስላል። ያለወለድ የተበደራችሁትን ባንኩ ብዙውን ጊዜ በዚያው ዕለት ራሱ ይወስደዋል። ቆሞ የነበረው ተቆራጭም አብሮ ሊቆረጥ ይችላል። ስለዚህ አዲሱን ኤል ኢ ኤስ ከአሮጌው ጎን አስቀምጡና መስመር በመስመር አስተያዩ። የጎደለ ካለ በዚያው ሳምንት ለክፍሉ የደመወዝ ቢሮ አመልክቱ። ፒዛው ከዚያ በኋላ ነው።