የውርጭ አገር ቁጥቋጦዎችን እንዴት እንለያለን? ቢጫው አያታልላችሁ

ሰሜን ተራሮች፣ ባሌ ሳነቴ ወይም መንዝ ጓሳ ሄዳችሁ አስታ ከሚባለው የደጋ ዛፍ በላይ ስትወጡ ዛፍ ያልቃል። ከዚያ በኋላ ዓይን የሚሞላው ጉልበት ድረስ የሚመጣ ቁጥቋጦ ነው። አንዱ ግራጫ፣ አንዱ አረንጓዴ፣ አበባው በብዛት ቢጫ። አብዛኛው ጎብኚ ፎቶ ያነሳና "የተራራ አበባ" ብሎ ያልፋል። ይሄ በጣም ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱም ከመካከላቸው ከኢትዮጵያ ውጪ የትም የማይበቅል አለ፣ ለመለየት ደግሞ ጣትና ትንሽ ትዕግስት በቂ ነው።

መጀመሪያ እነዚህ ቁጥቋጦዎች ስለሚመደቡበት የዕፅዋት ቤተሰብ (አስተራሴ ይባላል) አንድ ነገር እንወቅ። አደይ አበባ፣ ኑግና ሱፍ የዚሁ ቤተሰብ ናቸው። በዚህ ቤተሰብ ውስጥ አንድ አበባ የሚመስለን ነገር ብዙ ጥቃቅን አበቦች አንድ ላይ የታጨቁበት ራስ ነው። አደይን አንስታችሁ ብታዩ በዳሩ የተዘረጉት ቢጫዎቹ እያንዳንዳቸው ራሳቸውን የቻሉ አበቦች ናቸው፣ መሐሉ ላይ ያሉት ነጠብጣቦችም እንደዚያው። ከስር ደግሞ ይህን ሁሉ አቅፈው የያዙ ትንንሽ ቅጠሎች አሉ። አቃፊ እንበላቸው። ዋናው ምስክር እነሱ ናቸው።

አሁን ወደ ቁጥቋጦው ቅረቡ። ከአበባው በፊት ቅጠሉን ንኩ። ግራጫ ሆኖ በላዩ ላይ ነጭ ሱፍ የለበሰ፣ በአውራ ጣት ስታሹት ሱፉ የሚላቀቅ ከሆነ ሄሊክራይሰም ከሚባለው ወገን የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። ሱፉ ለቀኑ ፀሐይና ለሌሊቱ ውርጭ መከላከያው ነው። ቅጠሉ አረንጓዴና ልሙጥ፣ ቀጭንና ጠባብ ሆኖ ቅርንጫፉ ጫፍ ላይ ከታጨቀ፣ ከታች ያለው እንጨት ደግሞ ራቁቱን ከቀረ፣ ዩሪዮፕስ የሚባለውን ወገን ጠርጥሩ። ግን ገና አትወስኑ።

ቀጥሎ የአበባውን ራስ ከላይ እዩ። ዩሪዮፕስ እንደ አደይ በዳሩ ዙሪያ የተዘረጉ እውነተኛ ቢጫ አበቦች አሉት፤ ለስላሳ ናቸው፣ ጊዜያቸው ሲያልፍ ይጠወልጋሉ። ሄሊክራይሰም እነዚህ የሉትም። እሱ ላይ የሚያብረቀርቀው ቢጫ ወይም ነጭ ነገር አበባ ሳይሆን አቃፊው ነው። ስትነኩት እንደ ደረቅ ወረቀት ይንኮሻኮሻል፣ በብዙ ረድፍ ተደራርቦ ይቀመጣል፣ ከወራት በኋላም ቀለሙን ይዞ ይቆያል። ይህን አንዴ በጣታችሁ ከለያችሁት ከዚያ ወዲህ ሁለቱን አታምታቱም።

አንድ ጥንቃቄ አለ። የሄሊክራይሰም አቃፊ እርጥበት ሲነካው ይዘጋል፣ ሲደርቅ ይከፈታል። ስለዚህ ጠዋት ጉም ውስጥ ያያችሁት እምቡጥ የሚመስል ነገር ረፋድ ላይ ፀሐይ ስትወጣ ሙሉ ለሙሉ ተከፍቶ ልታገኙት ትችላላችሁ። ያው ተክል ነው፣ ሌላ ዝርያ አይደለም። ጠዋት አትፍረዱ።

በጣም አስቸጋሪው ዩሪዮፕስን ሴኔሲዮ ከሚባለው ሌላ የዚሁ ቤተሰብ ወገን መለየት ነው። ሁለቱም ቢጫ ናቸው፣ ሁለቱም አቃፊያቸው በአንድ ረድፍ ነው። እዚህ ጋ የአበባውን ራስ ቀስ ብላችሁ ገልብጡና ከስሩ ተመልከቱ፤ አጉሊ መነጽር ካላችሁ እሰየው፣ ከሌለም የስልካችሁን ካሜራ አቅርቡና አጉሉ። የዩሪዮፕስ አቃፊዎች ከታች በኩል እርስ በርስ ተጣብቀው አንድ ጽዋ ይሠራሉ፣ የአንዱን መጨረሻና የሌላውን መጀመሪያ ከስሩ መለየት አይቻልም። ሴኔሲዮ ላይ ግን አቃፊዎቹ ጎን ለጎን የቆሙ ናቸው፣ እግራቸው ስር ደግሞ ሌሎች በጣም ጥቃቅን ቅጠሎች ታገኛላችሁ። ዩሪዮፕስ እነዚያ ጥቃቅኖቹ የሉትም። ጓሳ ላይ ሰፊ ቦታ የያዘው ዩሪዮፕስ ፒኒፎሊየስ ነው። የኢትዮጵያ ብቻ ነው ያልኳችሁም እሱን ነው።

ግራጫ ከሆነውስ? እዚያም ወንድማማቾች አሉ።

ሄሊክራይሰም ስፕሌንዲደም ራሶቹ ትንንሽ፣ ደማቅ ቢጫና ቅርንጫፍ ጫፍ ላይ የተሰበሰቡ ናቸው። ቅጠሉ ጠባብና ለስላሳ ነው። ይሄኛው እስከ ደቡብ አፍሪካ ተራሮች ድረስ ይገኛል። ሄሊክራይሰም ሲትሪስፒነም ደግሞ ይዋጋል። ቅጠሉ አጭርና ደረቅ ነው፣ ጫፉ እሾህ ነው፣ አቃፊው ነጭ ነው፣ ተክሉ ጥቅጥቅ ብሎ ድቡልቡል ይሆናል። ሰሜን ተራሮች ጨነቅ ካምፕ አካባቢና ወደ ቧሂት ስትወጡ ታገኙታላችሁ፤ በቁምጣ አትሂዱ። ሦስተኛው ሄሊክራይሰም ፎርሞሲሲመም ነው። እሾህ የለውም፣ አቃፊው ከነጭ እስከ ሮዝ ይሄዳል፣ ለእኔ ከሁሉም በላይ ያማረው እሱ ነው።

በቁመት ግን አትለዩ። ነፋስ የሚበዛበት ሸንተረር ላይ ያለው ተክል ሸለቆ ውስጥ ካለው ወንድሙ በጣም ሊያጥር ይችላል፣ ከብት የረገጠው ወይም ለማገዶ የተቆረጠውም ቅርጹ ይለወጣል። ቀለምም ብቻውን አይበቃም፣ ቢጫ አበባ የብዙዎቹ ነው።

የምትሄዱበትን ጊዜ በተመለከተ፣ ክረምቱ ካለፈ በኋላ ከመስከረም ጀምሮ ያሉት ወራት ይመረጣሉ፤ መንገዱም ይቀላል፣ የሚያብበውም ይበዛል።

ፓርክ ውስጥ ተክል አትቁረጡ። ፎቶ ይበቃል፣ ግን በትክክል አንሱት፦ ሙሉውን ቁጥቋጦ፣ የቅጠሉን ፊትና ጀርባ፣ የአበባውን ራስ ከላይ፣ ከጎንና ከስር። ከስር የተነሳው ከሌለ የቀሩት ብዙም አይጠቅሙም። ስልካችሁ የሚያሳየውን ከፍታና ቦታ መዝግቡ፣ እረኛ ወይም ስካውት (የፓርክ ጠባቂ) ካገኛችሁ የአካባቢውን ስም ጠይቃችሁ ጻፉ፤ ስሙ ከወረዳ ወረዳ ስለሚለያይ የት እንደሰማችሁት አብራችሁ አስፍሩ። ካመነታችሁ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ብሔራዊ ሄርባሪየም አለ፤ የደረቁ ናሙናዎች እዚያ ይቀመጣሉ። የዕፅዋት ተመራማሪው መስፍን ታደሰ ያዘጋጁት የዚህ ቤተሰብ ሙሉ ጥራዝም በ2004 እ.ኤ.አ. ታትሟል፤ የአቃፊ ፎቷችሁን ይዛችሁ ከመለያ ሰንጠረዡ ጋር ማነጻጸር ትችላላችሁ።