የአንጎል አኑሪዝም ግድግዳ በኤምአርአይ ሲታይ፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

አንጎል ውስጥ ያለ የደም ሥር አንድ ቦታ ላይ ሳስቶ እንደ ፊኛ ሲነፋ አኑሪዝም ይባላል። ከ100 አዋቂዎች 3 ያህሉ አለባቸው። አብዛኛው ሳይፈነዳ ይኖራል። ጭንቁ የትኛው እንደሚፈነዳ መለየቱ ላይ ነው። የግድግዳ ኤምአርአይ እዚህ ላይ ያግዛል፤ አጠቃቀሙን ላወቀበት።

«አንጂዮግራፊ ተነስቻለሁ፣ ይበቃል» ማለት። አንጂዮግራፊ (የደም ሥሮች ምስል) የሚያሳየው ደሙ የሚያልፍበትን ክፍተት ነው። መጠንና ቅርጽ ይታወቃል፤ ግድግዳው ራሱ ግን አይታይም። በግድግዳ ምስል ደሙ ጥቁር ሆኖ እንዲወጣ ይደረጋል። ከዚያ ጋዶሊኒየም የሚባለው ኮንትራስት (ምስሉን የሚያደምቅ መድኃኒት) በደም ሥር ይሰጥና ግድግዳው ይደምቅ እንደሆነ ይታያል። አንዱ ሌላውን አይተካም።

ድምቀትን እንደ ፍርድ መውሰድ። ዋናው ስህተት ይሄ ነው። የደመቀ ግድግዳ ብዙ ጊዜ የብግነት ምልክት ነው፤ ያሳስባል። ቢሆንም ደምቀው ሳይፈነዱ የሚቆዩ ሞልተዋል። ትልልቆቹ ደግሞ ከትንንሾቹ ይልቅ ይደምቃሉ። እንደኔ ይበልጥ የሚጠቅመው ተቃራኒው ውጤት ነው፦ ያልደመቀ አኑሪዝም በቅርብ ጊዜ ባለበት የመቆየት ዕድሉ ከፍ ያለ ነው። ዋስትና ግን አይደለም፤ ክትትሉ ይቀጥላል። ውሳኔው መጠኑን፣ ቦታውን፣ ዕድሜን፣ የደም ግፊትንና ሲጋራን አንድ ላይ አይቶ ነው።

ቀርፋፋ ደምን ግድግዳ ብሎ ማንበብ። ትልቅ አኑሪዝም ውስጥ ደም ጠርዙን ይዞ ቀስ ብሎ ይዞራል። ሙሉ በሙሉ ስለማይጠቁር የደመቀ ግድግዳ ይመስላል። ራዲዮሎጂስቱ ከኮንትራስት በፊትና በኋላ የተነሱትን ጎን ለጎን ማየት ያለበት ለዚህ ነው። ሪፖርቱ ላይ «ደምቋል» ተብሎ ብቻ ከታለፈ፣ «ከምን ጋር ሲነጻጸር?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም። አንዳንዶች አንጎል ሥር ካለው ከፒቱታሪ ዕጢ ግንድ ጋር ያነጻጽሩታል፤ እሱ ሁሌም ስለሚደምቅ።

በኮይል (አኑሪዝሙን ከውስጥ በሚሞላ ቀጭን ሽቦ) ከታከመ በኋላ ድምቀት አይቶ መደንገጥ። የመዳን ሂደቱ ራሱ ሊያደምቀው ይችላል።

ኩላሊትን አለመናገር። የኩላሊት ችግር ያለበት ሰው ጋዶሊኒየም ከመውሰዱ በፊት ለሐኪሙ ይንገር፤ የልብ ምት መቆጣጠሪያ የተገጠመለትም እንዲሁ።

ድንገተኛን ከቀጠሮ ጋር ማምታታት። አይተውት የማያውቁት ከባድ ራስ ምታት ድንገት ከመጣ ቀጠሮ አይጠበቅም፤ ቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ነው። እዚያ የሚቀድመው ሲቲ ስካን ነው። ደም ፈስሶ ብዙ አኑሪዝም ከተገኘ፣ የቱ እንደፈነዳ ለመለየት የግድግዳ ምስሉ ያኔ ሊጠራ ይችላል።