የፒክአፕን የኋላ ታምቡር ፍሬን ወደ ዲስክ መቀየር

ለፒክአፕ የኋላ ጎማ የሚሆን ዲስክና ካሊፐር (ዲስኩን ከሁለት ወገን ጨብጦ የሚያቆመውን ክፍል) አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ገብቶ አፈላልጎ ማግኘት አያስቸግርም፤ ዕቃውን ማሰሩም ቢሆን ለለመደ እጅ ከአንድ ቀን ብዙም የማያልፍ ሥራ ነው። አስቸጋሪው ሌላ ነው፤ የኋላው ፍሬን ከፊተኛው ቀድሞ ጎማ እንዳያስር ማመጣጠንና የእጅ ፍሬኑ ጭነት የያዘን መኪና ዳገት ላይ አንቆ እንዲይዝ ማድረግ። እነዚህ ሁለቱ ያልተሟሉለት መኪና ዲስክ ተገጥሞለትም ከቀድሞው የባሰ አደገኛ ይሆናል፤ ስለዚህ ከዕቃ ምርጫ ጀምሮ እያንዳንዱ ውሳኔ ከእነዚህ ጉዳዮች አንጻር መታየት አለበት።

በመጀመሪያ ለውጡ የሚያስፈልግ መሆኑን ማረጋገጥ ይገባል። ፍሬን ሲያዝ የመኪናው ክብደት ወደ ፊት ስለሚያጋድል አብዛኛውን የማቆም ሥራ የሚሠሩት የፊት ፍሬኖች ናቸው። ባዶውን ከፒያሳ ለገሃር የሚመላለስ ፒክአፕ ሸራው (ከታምቡሩ ውስጥ ተጭኖ ጎማውን የሚያቆመው ክፍል) ካላለቀና በወጉ ከተስተካከለ ታምቡሩ ይበቃዋል፤ እንዲህ ላለው ባለ መኪና የምመክረው አዲስ ሸራ አስገብቶ ገንዘቡን እንዲቆጥብ ነው። የዲስክ ጥቅም የሚታየው ጭነት ይዞ እንደ እንጦጦ ያለውን ረጅም ቁልቁለት በሚወርድ ወይም ክረምቱን በጭቃና በውኃ ውስጥ በሚሠራ መኪና ላይ ነው። ታምቡር ሲግል ወደ ውጭ እየሰፋ ከሸራው ስለሚርቅ የፍሬኑ ፔዳል ወደ ታች ይጠልቃል፤ ውኃ የገባበት እንደሆነም ቶሎ አይደርቅም። ዲስክ ግን አየር ስለሚያገኘው ቶሎ ይቀዘቅዛል፣ ውኃውንም እየተሽከረከረ ይረጨዋል።

በአንጻሩ ታምቡር ዲስክ የሌለው ጸጋ አለው። ወደ ፊት በሚሄድ መኪና ላይ አንደኛውን ሸራ የሚዞረው ታምቡር ራሱ እየጎተተ ይበልጥ ስለሚያጣብቀው፣ በትንሽ የዘይት ግፊት ብዙ ኃይል ይገኛል። ዲስክ ይህ ስለሌለው ለተመሳሳይ ውጤት ከፍ ያለ ግፊት ይፈልጋል። እዚህ ላይ የከተማችን ከፍታ የራሱን ጫና ይጨምራል። ፔዳሉን የሚያግዘው ሰርቮ የሚሠራው በውጭው አየርና በውስጡ ባለው ባዶ ግፊት መካከል ባለው ልዩነት ነው፤ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው አዲስ አበባ ደግሞ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ በቆላ አገር ልስልስ ያለ ፔዳል የሰጠ ቅያሬ እዚህ ጠንከር ብሎ ቢገኝ የሚጠበቅ ነው፤ የደከመ ሰርቮ ያለው መኪና ግን አስቀድሞ ሰርቮው መታደስ ይኖርበታል።

መኪናው ኤቢኤስ (ፍሬን ሲያዝ ጎማ እንዳይታሰር በኮምፒውተር የሚቆጣጠር ሥርዓት) ካለው፣ ለዚያው ሞዴል ተብሎ ከነሴንሰሩ የተሠራ ሙሉ ዕቃ ካልተገኘ በስተቀር ሥራውን መተው ይሻላል። የኤቢኤሱ ኮምፒውተር ግፊቱን የሚቆጣጠረው ታምቡር መኖሩን ታሳቢ አድርጎ ነውና።

ዕቃ ሲገዛ መለኪያ ይዞ መሄድ ነው። የብዙዎቹ ባለ ስድስት ብሎን ሃይሉክሶች የጎማ ብሎኖች 139.7 ሚሊ ሜትር ስፋት ባለው ክብ ላይ የተደረደሩ ናቸው፤ ዲስኩም በዚሁ ልክ የተበሳ መሆን አለበት። ቸርኬውን ይዞ ሄዶ ከካሊፐሩ ጋር ማመሳከርም ያስፈልጋል፤ ባለ 15 ኢንች ቸርኬ አንዳንዱን ካሊፐር አያሳልፍም፣ በመካከላቸውም ቢያንስ 3 ሚሊ ሜትር ክፍተት መኖር አለበት። ካሊፐሩን ከአክስሉ ጋር የሚያያይዘው መያዣ በልኩ ተቆርጦ የተበሳ ወፍራም ብረት ይሁን እንጂ ከቁርጥራጭ በብየዳ የተቀጣጠለ አይሁን። ፍሬን በተያዘ ቁጥር ጎማው ሊዞር የሚታገለው ይህን ብረት ስለሆነ፣ በእኔ አስተያየት በዚህ ላይ የሚቆጠብ ብር የለም። ካሊፐሩ የእጅ ፍሬን ክንድ ያለው፣ ወይም ዲስኩ በመካከሉ ለእጅ ፍሬን የሚሆን ትንሽ ታምቡር ያቀፈ መሆኑን ሳያረጋግጡ ሂሳብ መክፈል አይገባም።

ሥራው ሲጀመር መኪናው ሜዳ ላይ ይቆማል፤ የፊት ጎማዎቹ በድንጋይ ወይም በእንጨት ይታገዳሉ፣ የእጅ ፍሬኑ ይለቀቃል፤ አክስሉ በክሪክ ከተነሳ በኋላም በጠንካራ የብረት መደገፊያ ላይ ይቀመጣል። በክሪክ ብቻ በተያዘ መኪና ሥር ማንም አይግባ። አልወጣ ያለን ታምቡር በመዶሻ ከመደብደብ ፊቱ ላይ ባሉት ሁለት ጥርስ ያላቸው ቀዳዳዎች 8 ሚሊ ሜትር ብሎኖች አስገብቶ እያፈራረቁ ማጥበቅ ነው፤ ታምቡሩ ራሱን እየገፋ ይወጣል። በውስጡ የተጠራቀመውን ብናኝ በኮምፕረሰር መንፋት ፈጽሞ አይገባም፤ በአሮጌ ሸራ ውስጥ ለሳንባ አደገኛ የሆነው አስቤስቶስ ሊኖር ስለሚችል በውኃ አርጥቦ በጨርቅ መጥረግ ይገባል።

ሸራዎቹ የሚታሰሩበትን የጀርባ ሳህን ለማውጣት በብዙዎቹ ፒክአፖች ላይ የአክስሉ ዘንግ ራሱ መጎተት አለበት፤ ሳህኑ ከኩሽኔታው ኋላ ተይዞ ስለሚገኝም ኩሽኔታውን በፕሬስ ማስወጣት ያስፈልጋል። ይህን በመዶሻና በመሮ ከመሞከር ዘንጉን ፕሬስ ወዳለው ቤት ወስዶ ማስወጣት ይሻላል፤ ዘንጉ ከወጣ አይቀርም የዲፈረንሻል ዘይት እንዳይፈስ የሚገታውን የጎማ ቀለበት በአዲስ መተካት ነው፤ ዘይት የነካው ሸራ አይይዝምና። መያዣው ከታሰረ በኋላ ዲስኩ የሚቀመጥበት ፊት ዝገቱ እስኪጠፋ በሽቦ ብሩሽ ይጸዳል። በዚያ የቀረች አንዲት የዝገት ቅርፊት ዲስኩን ስለምታጋድለው ፍሬን በተያዘ ቁጥር ፔዳሉ እግር ሥር ይንቀጠቀጣል።

ካሊፐሮቹ ሲታሰሩ የአየር ማስወጫው ብሎን ወደ ላይ የሚመለከት መሆን አለበት። ይህን የምለው መጀመሪያ በሠራሁት መኪና ላይ ቀኙንና ግራውን አቀያይሬ አስሬ ስለነበር ነው። ረዳቴ ሲረግጥ ሲለቅ አንድ ሰዓት ያህል ቆየን፤ ከቱቦው የሚወጣው ዘይት አረፋ የለውም፣ ፔዳሉ ግን እንደ ስፖንጅ ይሰምጣል። በመጨረሻ ባትሪ ይዤ ሥር ስገባ ማስወጫዎቹ ወደ መሬት ተደፍተው አገኘኋቸው፤ አየሩ በካሊፐሩ አናት ላይ ታፍኖ ተቀምጦ ነበር። የዘይቱ ቱቦ ከካሊፐሩ ጋር ሲያያዝም በብሎኑ በሁለቱም ወገን አዲስ የመዳብ ሮንዴላ ይገባል። ከዚያም አክስሉ ሙሉ በሙሉ ሲንጠለጠልና ባሌስትራው ሲጫን ቱቦው እንዳይወጠር፣ ጎማም እንዳይነካ በዓይን ይታያል።

ለአየር ማስወጣቱ አዲስ የተከፈተ ዶት 4 ዘይት ይዘጋጅ፤ የፍሬን ዘይት እርጥበት ስለሚስብ ከርሞ የቆየ ጠርሙስ አይታመንም። አዲሱ የሚፈላው ቢያንስ በ230 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲሆን ውኃ የጠጣው ግን በ155 ገደማ ሊፈላ ይችላል። መሪው በግራ በሆነ መኪና ላይ ከሩቁ፣ ማለትም ከቀኝ ኋላ ተጀምሮ ወደ ግራ ኋላ፣ ከዚያም ወደ ፊት ይመጣል። አንዱ «ርገጥ» ሲል ረዳቱ ረግጦ «ይዣለሁ ጋሼ» ማለት አለበት፤ ማስወጫው ሳይዘጋ እግሩን ካነሳ አየሩ ተመልሶ ይገባል። አየሩ ጨርሶ ወጥቶም ፔዳሉ የሚጠልቅ ከሆነ የካሊፐሩ ፒስተን ማስተሩ (ፔዳሉ ሲረገጥ ዘይቱን የሚገፋው ክፍል) ከሚልከው የበለጠ ዘይት ይፈልጋል ማለት ስለሆነ ማስተሩ በተለቀው መተካት ይኖርበታል። በአንዳንድ አሮጌ መኪኖች ለታምቡር ተብሎ ጥቂት ግፊት የሚያስቀር ቫልቭ አለ፤ ካልወጣ ሸራው ዲስኩን ሳይለቅ እያፋጨ ያግለዋል።

አሁን ወደ ማመጣጠኑ ነው። ከአክስሉ ጋር በዘንግ የተያያዘውና እንደ ጭነቱ መጠን ወደ ኋላ የሚሄደውን ግፊት የሚወስነው ቫልቭ መነቀል የለበትም፤ የሚስተካከለው በዕቃው አምራች መመሪያ ነው። ሙከራው ሰው በሌለበት የጠጠር ሜዳ ላይ ከ20 እስከ 30 ኪሎ ሜትር በሰዓት እየነዱ፣ ከጎን ሌላ ሰው ጎማዎቹን እንዲመለከት አድርጎ የሚከናወን ነው። ባዶውንም ተጭኖም የፊቶቹ ጎማዎች ቀድመው መታሰር አለባቸው። የኋላዎቹ ከቀደሙ መኪናው በእርጥብ አስፋልት ላይ ጀርባውን ይዞ ይዞራል፤ ቸርችል ጎዳናን በክረምት ቁልቁል ሲወርዱ ይህ ቢደርስ የሚያድነው መሪ የለም። ስለዚህ ግፊቱ ተቀንሶ እስኪስተካከል መኪናው ከጋራዥ አይውጣ።

የእጅ ፍሬኑ ገመድ ከተስተካከለ በኋላ መኪናው ተጭኖ ሰው በማያልፍበት ዳገት ላይ አንድ ጊዜ ወደ ላይ፣ አንድ ጊዜ ወደ ታች ፊቱን አዙሮ ይሞከራል፤ ማርሽ ሳይገባ መቆም አለበት። በዓመታዊው የቴክኒክ ምርመራም የሚታይ ስለሆነ የተደረገውን ለውጥ ለመርማሪው አስቀድሞ ማሳወቅ ይገባል።

አዲስ ሸራና ዲስክ እስኪላመዱ እሑድ ማለዳ መንገዱ ጭር ሲል ከ50 ወደ 10 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ለዘብ አድርጎ አሥር ጊዜ ያህል መያዝ፣ በየመካከሉም ጥቂት እየነዱ ማቀዝቀዝ ነው። በጋለ ዲስክ ላይ ፔዳሉን ረግጦ መቆም ግን የሸራውን ምልክት አንድ ቦታ ላይ ያትማል። 100 ኪሎ ሜትር ያህል ከተነዳ በኋላ የጎማ ብሎኖቹና የመያዣው ብሎኖች እንደገና ይጠብቃሉ፣ የቱቦዎቹ መጋጠሚያም በደረቅ ጨርቅ ተጠርጎ ዘይት ማርጠቡና አለማርጠቡ ይታያል። የሸራው ውፍረት 3 ሚሊ ሜትር ሲደርስ መቀየሪያው ጊዜ ነው፤ የወጡት ታምቡሮችና ሳህኖች ደግሞ እስከዚያ ድረስ በዘይት ተቀብተው ማዳበሪያ ውስጥ ይቀመጡ።