የታመቀ ፋይልን ሳይፈቱ ማረም

ጅማ ውስጥ በምሠራበት ክፍል የየወቅቱ የቡና ርክክብ ዝርዝር ጂዚፕ በተባለው የፋይል መጠን ማሳነሻ ፕሮግራም ታምቆ ይቀመጣል። ከወራት በኋላ የአንድ ገበሬ ስም በ«ጸ» ፈንታ በ«ፀ» ተጽፎ ቢገኝ፣ ያንን አንድ ፊደል ለማቃናት ፋይሉን መፍታት፣ ማረም፣ መልሶ ማመቅና የተፈታውን ማጥፋት አያስፈልግም፤ እንዲያውም የተፈታው ቅጂ ተረስቶ ሲቀር ነው የትኛው መዝገብ ትክክለኛ እንደሆነ ማወቅ የሚያዳግተው።

ቪም ወይም ኢማክስ የተባሉትን የጽሑፍ ማረሚያ ፕሮግራሞች (ኤዲተሮች) የምትጠቀሙ ከሆነ፣ ጂዚፕ በኮምፒውተሩ ላይ እስካለ ድረስ የታመቀውን ፋይል እንደ ማንኛውም ጽሑፍ በስሙ ክፈቱት። ጽሑፉ ተፈትቶ ይታያል፤ አርማችሁ ስታስቀምጡም መልሶ ይታመቃል። በቢዚፕ 2 እና በኤክስዚ የታመቁትም እንዲሁ ይከፈታሉ። በዊንዶውስ ኖትፓድ ግን ይህን ፈጽሞ አትሞክሩ፤ የሚታየው ትርጉም የለሽ ምልክት ብቻ ነው፣ አንዴ ካስቀመጣችሁትም ፋይሉ ይበላሻል።

ሥራው ቀላል ቢመስልም ከበስተጀርባው የሚሆነውን ማወቅ ይገባል። የታመቀ ፋይል መካከሉ ብቻ ሊነካ አይችልም፤ አንድ ፊደል ቢለወጥም ሁሉም ከመጀመሪያው እንደገና ይታመቃል። ቪም ሲያስቀምጥ መጀመሪያ ያልታመቀውን ጽሑፍ ይጽፍና ከዚያ በኋላ ያምቀዋል። ስለዚህ በዲስኩ ላይ ለተፈታው ጽሑፍ የሚበቃ ቦታ መኖር አለበት፤ ዩቲኤፍ 8 በተባለው የፊደላት መመዝገቢያ ሥርዓት አንድ የአማርኛ ፊደል 3 ባይት ስለሚይዝና የእነዚህ ፊደላት የመጀመሪያ ባይት አንድ ዓይነት ስለሆነ፣ የአማርኛ ጽሑፍ ሲታመቅ በእጅጉ ያንሳል፣ ሲፈታም ከጠበቅነው በላይ ይሰፋል። በሁለቱ እርምጃዎች መካከል መብራት ቢጠፋ ፋይሉ ለጉዳት ይጋለጣል። እኔ ራሴ የአንድ ወቅት መዝገብ በዚህ ምክንያት ጠፍቶብኝ ከወረቀት እንደገና ለመመዝገብ ተገድጃለሁ። ከዚያ ቀን ወዲህ በሌላ ስም ቅጂ ሳላስቀምጥ የታመቀ ፋይል አልከፍትም፤ እናንተም እንዲሁ እንድታደርጉ አጥብቄ እለምናችኋለሁ።

መፈለግ ብቻ ከሆነ ዓላማችሁ ኤዲተሩን ተዉት፤ ዚግሬፕ (zgrep) የተባለው ትዕዛዝ የታመቀውን ፋይል ሳይነካ ስሙን ፈልጎ ያወጣል። ሌላ ፕሮግራም ገና እየጻፈበት ያለውን ፋይልም አትክፈቱ፤ አንዱ የጻፈውን ሌላው ሊሽረው ይችላል።

ዚፕ ትንሽ ይለያል። በውስጡ ብዙ ፋይሎች ሊኖሩ ስለሚችሉ ቪም መጀመሪያ ዝርዝራቸውን ያሳያል፤ በተፈለገው ስም ላይ ኤንተር ሲጫኑ ያ ፋይል ይከፈታል፣ ሲያስቀምጡትም ወደ ዚፑ ይመለሳል። የወርድ ሰነድም በውስጡ ዚፕ ስለሆነ በዚህ መንገድ ይከፈታል፤ እኔ ግን እንዲህ ማረሙን አልመክርም፣ አንድ ምልክት ብትጎድል ሰነዱ ላይከፈት ይችላልና።

አርማችሁ ከጨረሳችሁ በኋላ ተርሚናል (ትዕዛዝ በጽሑፍ የሚሰጥበት መስኮት) ላይ ጂዚፕ ብላችሁ፣ ሰረዝና ቲ አስከትላችሁ (gzip -t)፣ የፋይሉን ስም ጻፉ። ትዕዛዙ በፋይሉ መጨረሻ 8 ባይቶች ላይ ከተመዘገቡት የማረጋገጫ ቁጥርና የጽሑፉ መጠን ጋር ይዘቱን ያመሳክራል፤ ምንም መልእክት ካላሳየ ፋይሉ ደህና ነው። ቅጂውን ማጥፋት የሚቻለው ከዚህ በኋላ ነው።