ለሃይስኩል ተማሪ ቤሪንግን እንዴት ማስረዳት ይቻላል?

ሳይንና ኮሳይን የማያስቸግረው ተማሪ ቤሪንግ (አቅጣጫን በዲግሪ መግለጫ) ላይ ሲደርስ ግራ ይገባዋል። ብዙ ጊዜ የሚያስቸግረው ስሌቱ ሳይሆን ሥዕሉ ነው። ስለዚህ ካልኩሌተሩ ለጊዜው ይቀመጥ፤ እርሳስና ወረቀት ይበቃል።

መጀመሪያ ቆሞ ይሞክረው። ጠዋት ቀኝ እጁን ፀሐይ ወደምትወጣበት ዘርግቶ ቢቆም ፊቱ ወደ ሰሜን ይሆናል። ያ 000° ነው። ከዚያ በቀኙ፣ ሰዓት እንደሚዞረው ይዙር። ምሥራቅ 090°፣ ደቡብ 180°፣ ምዕራብ 270° ነው። በቃ፣ ቤሪንግ ከሰሜን ተነስቶ በሰዓት አዟዟር የሚለካ ማዕዘን ነው። ሁልጊዜ በሦስት አሃዝ ይጻፋል፤ 60 ዲግሪ ከሆነ 060° ይባላል።

ቀጥሎ «የት ሆኜ ነው የምለካው?» ብሎ መጠየቅን ያስለምዱት። ጥያቄው ከኤ ሲታይ ቢ በየት በኩል እንዳለች የሚጠይቅ ከሆነ፣ የሰሜን መስመሩ የሚሰመረው ኤ ላይ ነው። መንገዱ በታጠፈበት ነጥብ ሁሉም ሌላ የሰሜን መስመር ይሰመር። እኔ ብሆን እነዚህ መስመሮች ሳይሰመሩ አንድም ቁጥር አላስነካውም።

የመመለሻ ቤሪንግ፣ ማለትም ከቢ ወደ ኤ መመለሻውን አቅጣጫ፣ ለማግኘት በመሄጃው ላይ 180 ይደመራል፤ ድምሩ 360 ከደረሰ ወይም ካለፈ ግን በመደመር ፈንታ 180 ይቀነሳል። የቦሌ አየር ማረፊያ ማኮብኮቢያዎች በአንድ ጫፋቸው 07፣ በሌላው 25 የሚል ቁጥር አላቸው። በኮምፓስ ተለክቶ ወደ ቅርቡ አስር የተጠጋጋ 070° እና 250° ማለት ነው። ልዩነቱ 180 ነው። አውሮፕላን የሚወድ ልጅ ይህን ቶሎ አይረሳውም።

አሁን አንድ ጥያቄ አብራችሁ ሥሩ። ጀልባ ከኤ ተነስታ በ060° 8 ኪሎ ሜትር ሄደች። ቢ ላይ ታጥፋ በ150° 6 ኪሎ ሜትር ሄዳ ሲ ደረሰች። ሲ ከኤ ምን ያህል ትርቃለች? በየትኛው ቤሪንግ?

ቢ ላይ ቆመን ወደ ኤ ስናይ 060 + 180 = 240° ነው። ወደ ሲ ስናይ 150°። በመሃላቸው 240 − 150 = 90° አለ። ስለዚህ ፓይታጎረስ ይሠራል፤ 64 + 36 = 100፣ ርቀቱ 10 ኪሎ ሜትር። ኤ ላይ ያለው ማዕዘን ታንጀንቱ 6 ለ8 ሲካፈል ነው፤ ወደ 37° ይጠጋል።

ብዙ ተማሪ እዚህ ጋ «37» ብሎ ያቆማል። ይህ ግን ከኤ ወደ ቢ ከሚሄደው መስመር እንጂ ከሰሜን የተለካ አይደለም። 60 ሲደመርበት 097° ይሆናል። ወደ ሥዕሉ ይመለስና ያመሳክር፤ ሲ ከኤ በስተምሥራቅ፣ ትንሽ ወደ ደቡብ ዝቅ ብላ መታየት አለባት።

ማዕዘኑ 90 ባይሆን በኮሳይን ሕግና በሳይን ሕግ ይሠራል፤ አሳሳሉ ግን አይለወጥም። ካልኩሌተሩም ዲግሪ ላይ መሆኑን ይይ።

ገብቶት እንደሆነ ለማወቅ ጀልባዋ ከሲ በቀጥታ ወደ ኤ ለመመለስ በስንት ትሂድ ብለው ይጠይቁት። 277° ካለ ገብቶታል።